«አልመጣም» ያለ ሰው አልነበረም፦ የአንድ የድሬዳዋ ጥሪ ጉዳይ

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለዓመታዊ መሰባሰቢያችን ለ74 ሰው በኢንተርኔት ጥሪ ላክን። በአስረኛው ቀን መልሶቹ የሚቆጠሩበትን ሰሌዳ ስከፍተው እንዲህ ይላል፦ እመጣለሁ 17፣ ምናልባት 6፣ አልመጣም 2፣ መልስ ያልሰጡ 49።

ከነዚህ አራት ቁጥሮች እውነቱን የነገረን አንድም አልነበረም። «አልመጣም» ተብለው የተመዘገቡት ሁለቱ ሰዎች እንኳ አልመጣም አላሉም። ዝም አሉ ከተባሉት መካከል ደግሞ ረዥም መልስ ጽፈው የላኩ ነበሩ። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ከስር ጀምሬ ልጻፈው። እድር፣ የተማሪዎች ማህበር ወይም የኳስ ቡድን በሶፍትዌር ማስተዳደር የጀመረ ሰው ሁሉ ይህ ነገር ይገጥመዋል ብዬ አምናለሁ።

እኛ ከዚራ የሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ያደግን አብሮ አደጎች ነን። ግማሻችን አሁንም ድሬ ነን። የቀረው አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ ጅቡቲ አለ። ጥቂቶች ካናዳ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ እንሰባሰባለን። ትምህርት ሳይከፈት ለሰፈር ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ እናዘጋጃለን። ከዚያ አብረን እንበላለን። ሩዝ በስጋ፣ ሳምቡሳ፣ ባጊያ፣ መጨረሻ ላይ ሙሸበክ። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ስጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ በየድስቱ ይበስላል። ስለዚህ ስንት ሰው እንደሚመጣ ማወቅ ብቻ አይበቃንም። ማን እንደሚመጣም ማወቅ አለብን።

እስከ ካቻምና ጥሪውን የምታደርሰው ገንዘብ ያዣችን ነበረች። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። መስመር ያለው ደብተር አላት። ሦስት ማታ ተቀምጣ በተራ ትደውላለች። «እሁድ ነው፣ እንዳትቀር» ትላለች። የሰውዬውን ድምፅ ሰምታ በስሙ ፊት ምልክት ታደርጋለች። ምልክቷ ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ግን የምትለው ቁጥር ከእውነቱ ብዙ ርቆ አያውቅም። ካቻምና ዓይኗ ደከመ። እኛም ይህን ሁሉ ሸክም በአንድ ሰው ላይ መጣላችን አሳፈረን። የአባላት ዝርዝር፣ መዋጮና ጥሪ አንድ ላይ የሚይዝ ፕሮግራም መረጥን። ስሙን አልጠራም። ከሆነው አብዛኛው የእኛ ጥፋት ነው፤ ፀሐፊው እኔ ስለሆንኩ ደግሞ ብዙው የኔ ነው።

አላላኬ

ጥሪውን የላክሁት ሰኞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ድሬን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ስህተቱን ወዲያው ያየዋል። በዚያ ሰዓት ከተማው በሩን ዘግቶ ጥላ ይፈልጋል። ሱቅ ይዘጋል። የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው በርጫው ላይ ተቀምጧል። እስከ 10 ሰዓት ድረስ የመጣ መልእክት ከሌላው ስር ይቀበራል። በኋላ የመልሶቹን ሰዓት አየሁት። ከ17ቱ አብዛኞቹ የመለሱት ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ነው።

ቃሉም የሰው ቃል አልነበረም። «ውድ አባላችን፣ በዓመታዊ የመሰባሰቢያ ፕሮግራማችን ላይ እንዲገኙ በአክብሮት ተጋብዘዋል። መገኘትዎን ከዚህ በታች ያረጋግጡ» ነው ያልኩት። ድሬ አንቱታ ብዙ አትወድም። እዚህ ልጁ ትልቁን ሰው አንተ ይለዋል፤ ፍቅር እንጂ ንቀት የለበትም። አብሮ አደጌን «እርስዎ» ብዬ ስጽፍለት ምን እንደተሰማው ራሱ ነገረኝ፦ «አቦ፣ የቀበሌ ደብዳቤ መስሎኝ ዘለልኩት።»

ከዚህ የባሰው ቀኑና ሰዓቱ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። እኛ የያዝነው እሁድ ነሐሴ 18 ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ በረድ ስትል። ጥሪው ላይ የወጣው ግን ኦገስት 24፣ 4:00 ፒኤም ነው። «ፒኤም» የምትለው ቃል ትንሽ ነች፣ በዓይን አትገባም። 24ን ያየ ሰው ነሐሴ 24 ነው ብሎ ያዘ። 4ን ያየ ደግሞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው አለ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነውና በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ጅቡቲ ያሉት አልተሳሳቱም። እነሱ በፈረንሳይ ልማድ በ24 ሰዓት ስለሚቆጥሩ ስልካቸው 16:00 ብሎ አሳይቷቸዋል። ቶሮንቶ ያለችው ልጅ ጋ ደግሞ ፕሮግራሙ ሰዓቱን ወደ እሷ አገር ለወጠው። ጠዋት 9:00 አላት። ስሌቱ ልክ ነው፤ እኛ 10 ሰዓት ላይ ስንሰበሰብ እዚያ በነሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ነው። እሷ ግን የጠዋት ዝግጅት ነው ብላ አሰበች፣ ለእናቷም ደውላ «በጠዋት ሂጂ» አለቻት። እናትዮዋ ላይ ኋላ እመለሳለሁ።

17 ሰው ወይስ ስንት?

ምግብ የምታዘጋጅልን ሴት ቁጥር ጠየቀች። ኮሚቴው አምስት ነን። አንዱ 17ና 6ን ደምሮ «ለ23 ሰው ይበቃል፣ ዘመኑ ተቀይሯል፣ ሰው ከሰው ርቋል» አለ። ሁላችንም ከፋን። ለሰፈራችን ያን ያህል ብቻ ፍቅር የቀረን መስሎን እውነት አዘንን። እትዬ ደብተሯን ይዛ መጥታ ነበር። ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና «ዝም ያለ ሁሉ ቀረ ማለት ነው እንዴ?» አለች።

ይህ ጥያቄ ነው ሥራውን ያስጀመረው። 51 ስም ለአምስታችን ተከፋፈልን። ዝም ያሉትን 49ና «አልመጣም» ተብለው ሰሌዳው ላይ ቀይ የሆኑትን ሁለት። አንድ ነገር ብቻ ተስማማን፦ «ለምን አልመለስክም?» ብለን አንጠይቅም። «ጥሪው ደርሶሃል?» ነው የምንለው። የመጀመሪያው ወቀሳ ነው፣ ሰውን ያስዋሻል።

ሁለቱ ቀዮች

ከሁሉ በፊት የሄድነው ወደ ሁለቱ «አልመጣም» ነው። አንዷ ሰፈሩን በሙሉ ያሳደገች እናት ናት። እሷ ቀረች ሲባል የዝግጅቱ ግማሽ ቀረ ማለት ነው። ተቀይማናለች ብለን ፈራን። እትዬ «ይህ በስልክ አይሆንም» ብላ ቤቷ ሄደች። ሴትዮዋ ጥሪ መኖሩን እንኳ አልሰማችም።

የሆነው ይህ ነው። ዝርዝራችን ላይ ያለው ኢሜል የልጇ ነው። ልጁ ጥሪው ሲደርሰው ደስ ብሎት ጅቡቲ ላለው አጎቱ ፎርዋርድ አደረገለት። አጎትየው ሥራ አለበትና «አልመጣም» የሚለውን ተጫነ። በእንዲህ ዓይነት ጥሪ ውስጥ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የሚላከው ሊንክ የራሱ መለያ አለው። አካውንት የሌለው ሰው ያለ ይለፍ ቃል መመለስ እንዲችል የተደረገ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ሊንኩን የነካው ማንም ይሁን ማን፣ መልሱ የሚጻፈው ግን በመጀመሪያው ባለቤት ስም ነው። አጎትየው ስለራሱ የመለሰው መልስ እናትዮዋን አስቀራት።

ሁለተኛዋ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ኢሜሏ የመሥሪያ ቤቱ ነው። እሷ ዓመት ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ኢሜሉን አላየችውም። ታዲያ ማን መለሰላት? የመልስ ታሪኩን ከፍቼ ሳየው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት መልስ ተመዝግቧል። እመጣለሁ፣ ምናልባት፣ አልመጣም፤ በተራ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ኢሜል ለሠራተኛው ከመድረሱ በፊት የሚፈትሽ የደህንነት ፕሮግራም አላቸው። ውስጡ ያሉትን ሊንኮች ከፍቶ አደጋ አላቸው ወይ ብሎ ያያል። የእኛን ሦስቱንም ሊንክ ከፈተ። የመጨረሻው «አልመጣም» ስለነበር እሱ ጸና።

ይህ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች በደንብ የሚያውቁት ችግር ነው። ሊንክ መከፈቱ ብቻ ምንም ነገር መለወጥ የለበትም። ሊንኩ ገጽ ይከፍታል፣ መልሱን የሚያጸናው ገጹ ላይ ያለውን ቁልፍ የሚጫነው ሰው ነው። የእኛም ፕሮግራም ይህ ማረጋገጫ ገጽ ነበረው። ለትልልቅ ሰዎች እንዲቀል ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ንክኪ ለማስቀረት ብዬ የአንዲትን ሴት መልስ ለማሽን ሰጠሁ።

በመካከላችን የምድር ባቡር ጡረተኛ አለ። ይህን ስነግረው ሳቀና አንድ ነገር ጠቆመኝ። የጥሪ ካርድ ላይ የሚጻፈው አር ኤስ ቪ ፒ ፈረንሳይኛ ነው፤ «እባክዎ ይመልሱ» ማለት ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ የሽሜንደፈር (የምድር ባቡር) ሰው በፈረንሳይኛ ሲሠራ ኖሯል። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከዚያው የመጣ ነው። ይህ የፈረንሳይ ምህጻር ዛሬም ሶፍትዌር ውስጥ አለ። የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራሞች ጥሪ የሚለዋወጡበት አይካሌንደር የሚባል የጋራ ደንብ አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል። ደንቡ ውስጥ መልስ ይፈለጋል ወይስ አይፈለግም የሚለው ምልክት ስሙ አሁንም አር ኤስ ቪ ፒ ነው። ለዝግጅት የተጋበዘ ሰው ሁኔታም አምስት ነው፦ ገና ያልመለሰ፣ የተቀበለ፣ ያልተቀበለ፣ በጊዜያዊነት የተቀበለ፣ ሌላ ሰው የወከለ። አምስተኛው፣ ጥሪውን ለአጎቱ ያሳለፈው ልጅ ሊያደርገው ከሞከረው ነገር ጋር ይቀራረባል። ደንቡ ጥሪ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያልፍ ቀድሞ አስቦበታል። የእኛ ሰሌዳ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ቁልፍ አልነበረም።

ዝም ያሉት

ሁለት ማታ ደወልን። ሁለት ማታ ሙሉ ስለ ሰዎቻችን የማናውቀውን ነገር ስንማር አመሸን።

አስራ አራቱ የተላከላቸውን ኢሜል ከፍተው አያውቁም። አብዛኞቹ ስልክ ሲገዙ ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ነው ኢሜል የከፈተላቸው። አፕ ማውረጃው እንዲሠራ ብቻ ነው የተከፈተው። ይለፍ ቃሉን አያውቁትም። ምዝገባ ላይ «ኢሜል አለህ?» ስንላቸው ስልካቸው ላይ የተጻፈውን አነበቡልን። እኛም አድራሻ አገኘን አልን። በሌሎቹ ላይ ጥሪው ስፓም ውስጥ ወድቋል። ሁለት ሲም የያዙም አሉ። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ አገልግሎቱን የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ድሬዳዋ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ደብተር ላይ ያለው ቁጥር የጠፋ፣ አዲሱ ደግሞ ያልተመዘገበ ሰው በርክቷል።

ስድስቱ ግን መልሰዋል። በጽሑፍ መልሰዋል። ቁልፉን አልተጫኑም፤ ደብዳቤ የደረሰው ሰው እንደሚያደርገው መልሰው ጻፉ። ጽሑፋቸው የሄደው ፕሮግራሙን ስናዋቅር ከፍቼ ወደረሳሁት የኢሜል ሳጥን ነው። ስከፍተው አፈርኩ። አንዷ እንዲህ ትላለች፦ «በጣም ደስ ብሎኛል። እኔና ባለቤቴ ሦስቱን ልጆች ይዘን እንመጣለን። ትልቅ ድስት ካስፈለገ እኔ ጋ አለ።» ከዚህ የተሟላ መልስ ከየት ይመጣል? ስንት እንደሆኑ ነገረችን፣ ድስትም ጨመረችልን። ሰሌዳው ላይ «መልስ አልሰጠችም» ተብላለች።

ሌሎቹ ጥሪውን አይተውታል፤ መልስ የሚጠየቅበት ነገር አልመሰላቸውም። አንዱ ትንሽ ተቆጣ። «የገዛ ሰፈሬ ዝግጅት ላይ መገኘቴን አረጋግጥ እባላለሁ?» አለኝ። ለሱ ቀኑን ማወቅ በቂ ነው። መምጣቱን መጠየቅ መጠራጠር ነው። ይህን ሰው አልተከራከርኩትም። ልክ ነው።

እርስ በርስ የሚጠባበቁም ነበሩ። «እሷ ከሄደች እሄዳለሁ።» እሷን ስንጠይቅ «እሱ ከመጣ» ትላለች። የሁለቱን አጋጠምንና አንድ ስልክ ሁለት መልስ ሰጠን።

ውጭ አገር ያሉት እንደማይመጡ ግልጽ ነበር። እነሱ እንኳ «አልመጣም» የሚለውን አልተጫኑም። ለምን እንደሆነ አንዷ ስትነግረኝ ልቤ ውስጥ ቀረ። «ቃሉን ሳየው እጄ እምቢ አለኝ። ጠሩኝ፣ እኔ አልመጣም ልበል?» አለች። ቃሉን ጮክ ብላችሁ በሉት እስቲ። «አልመጣም።» በአማርኛ ይህ የተቀየመ ሰው ንግግር ነው። በር የሚዘጋ ቃል ነው። ያልተመቸው ሰው እንዲህ አይልም። «ዘንድሮ አልተመቸኝም፣ ከልቤ ከናንተ ጋር ነኝ» ነው የሚለው። ፕሮግራሙን ሳስተካክል ቁልፎቹን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው የተረጎምኳቸው። ስለ ቃሉ አላሰብኩም። ከሰው አፍ የማይወጣ ቃል ሰጥቼ መልስ ጠበቅሁ።

«ምናልባት» ያሉት ስድስትም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሁለቱ መጋላ ይኖራሉ። በመጋላና በከዚራ መካከል የደቻቱ ወንዝ አለ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው። ክረምት ላይ ግን እዚህ ጠብ ሳይል ደጋው፣ ደንገጎ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ያን ሌሊት ያየ ሰው ነሐሴ ውስጥ ቀጠሮ ሲይዝ ሰማዩን ሳያይ አይምልም። የነሱ «ምናልባት» ማመንታት አይደለም። «ደንገጎ ላይ ደመና ከሌለ እመጣለሁ» ማለት ነው። ሌሎቹ ሁለት «ምናልባት» የተጫኑት «ኢንሻአላህ» የሚል ቁልፍ ስላላገኙ ነው። ድሬ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ኢንሻአላህ ይላል። እመጣለሁ ብሎ መወሰን የሰው ሥልጣን አይደለም ብለው ያምናሉ። እነዚህ ሰዎች ከ17ቱ «እመጣለሁ» ባዮች ይልቅ የሚታመኑ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ግን በእርግጥ አላወቁም ነበር።

አንዱን ስም ለብቻው መጻፍ አለብኝ። አዲስ አበባ የሚኖር ታላቃችን ነው። ስልኩን ያነሳችው ልጁ ናት። ከስድስት ወር በፊት አርፏል። መርዶውን አልሰማንም ነበር። ፕሮግራሙ ላልመለሱት በየሦስት ቀኑ ማስታወሻ እንዲልክ አድርጌው ነበር። «እስካሁን መልስዎን አልሰጡም» የሚለው ሦስት ጊዜ አባቷ ስልክ ላይ ገብቷል። ልጅቱ አልተቆጣችም። «ስሙን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። እኔ ግን ያን ቀን ማታ አውቶማቲክ ማስታወሻውን አጠፋሁት። ለቅሶ የሚደርሱ ሦስት ሰዎች ላክን። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ የሚሄደው አንድ የኮሚቴ አባል ስሞቹን አንድ በአንድ አይቶ ከፈቀደ በኋላ ነው።

ምን ለወጥን

መጀመሪያ ጥያቄውን። «ትመጣለህ?» ቀረና «ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ?» ተባለ። ይህ ብዙ ነገር ፈታ። መምጣትህን አይጠራጠርም፣ ቁጥር ብቻ ይጠይቃል። ድሬ ላይ አንድ ሰው ጠርተህ አንድ ሰው አይመጣም፤ ቤት ነው የሚጠራው። ፕሮግራሙ ተጨማሪ እንግዳ የሚመዘገብበት ቦታ ነበረው። ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ከፍቶ ማዋቀር የአስተዳዳሪው ሥራ ነው። ከፈትነው።

ቁልፎቹ አሁን እንዲህ ይላሉ፦ «ድስት ላይ ቁጠሩኝ»፣ «ዘንድሮ አልተመቸኝም»፣ «አምላክ ካለ»። የመጨረሻውን የመረጥነው ከሁሉም አፍ ስለሚወጣ ነው። የማረጋገጫ ገጹን መለስኩት። ገጹ አናት ላይ ስም እንዲታይ አደረግሁ፤ «ይህ ጥሪ የእገሌ ነው» እንዲል። ፎርዋርድ የተደረገለት ሰው ወዲያው ያውቃል።

መንገዱን በተመለከተ ትንሽ ተቸገርን። አንድ ልጅ ለመርዳት ብሎ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ምርጫ አወጣ። ስም የማያሳይ ነበር። 23 ሰው «አዎ» አለ፤ ማን እንደሆኑ አይታወቅም። ቴሌግራም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መራጩን በስም የሚያሳይ ምርጫ አለው፤ ልጁ አላስተዋለውም። ደግሞ በስም ቢሆንም አልወደድኩትም። ሰው ፊት «አዎ» ማለት ቀላል ነው፣ «አልተመቸኝም» ማለት ከባድ ነው። የግሩፕ ምርጫ «አዎ»ን ያበዛል። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የለጠፍነው ጥሪውን ብቻ ነው፤ መልሱ በግል ለኮሚቴው አባል ይጻፋል። ሊንክ መንካት አያስፈልግም። የሶሻል ሚዲያ ጥቅል ብቻ የገዛ ሰው ሊንኩን ቢነካ ሌላ ሂሳብ ይበላበታል፣ ወይም ጭራሽ አይከፍትለትም።

በቃል፣ በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ፣ መንገድ ላይ በሰላምታ የመጣውን መልስ ሁሉ እኛ ራሳችን ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን። አስተዳዳሪ በአባሉ ስም መልስ መመዝገብ ይችላል። ከጎኑ «በስልክ፣ ለእትዬ የተነገረ» ብለን እንጽፋለን። እንዲህ ካልተጻፈ ማን የሰማውን ማን እንደጻፈው አይታወቅም። በኔ እምነት ከለወጥነው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሰዎቹ ድሮም ይመልሱ ነበር። በለመዱት መንገድ ነው የሚመልሱት። ሰሌዳው ድረስ ማምጣት የኛ ሥራ ነበር፣ አልሠራነውም።

ቀኑንና ሰዓቱን ጥሪው ላይ በእጅ ጻፍኩት፣ በመጀመሪያው መስመር፦ «እሁድ ነሐሴ 18፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትበርድ።» ፕሮግራሙ በራሱ የሚያወጣውን ማጥፋት አልቻልኩም፤ ከስር ቀረ።

እሁድ

ቅዳሜ ማታ ሰሌዳው ይህን ያሳይ ነበር። «ድስት ላይ ቁጠሩኝ» 46። «ዘንድሮ አልተመቸኝም» 15። «አምላክ ካለ» 7። ያላገኘናቸው 5። የሟቹን ስም ለብቻው አስቀመጥነው። ከነቤተሰቡ ሲደመር 63 ሰው ነው። እትዬ «ለ70 ይሠራ» አለች። ለ70 ተሠራ።

ከ46ቱ 41 መጡ። «አምላክ ካሉት» ሰባት አራቱ መጡ። አልተመቸኝም ካሉት አንዱ ሥራው ተሰርዞ ከጅቡቲ በባቡር ገባ፤ ሳይናገር በሩ ላይ ቆመ። ድምሩ ያው 46 ነው፣ ግን ያው 46 ሰው አይደለም። ልጅ፣ ባለቤት፣ ጎረቤት ሲጨመር 68 ሰው በላ። የመጋላዎቹ ሁለቱም መጡ። ደንገጎ ላይ ደመና ነበር፣ ግን ሳይወርድ አመሸ። ሰፈሩን ያሳደገችው እናት በልጇ ክንድ ተደግፋ መጣች። የሟቹ ልጅም ከአዲስ አበባ መጣች። የአባቷን ድርሻ ደብተር ገዝታ ነው የመጣችው።

ቶሮንቶ ያለችው ልጅ እናት ከመጀመሪያዎቹ 17 «እመጣለሁ» ባዮች አንዷ ናት። መልስ ስለሰጠች አልደወልንላትም። የተስተካከለው ሰዓትም አልደረሳትም። ከቅዳሴ መልስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነጠላዋን እንዳጣፋች መጣች። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና ሽንኩርት የሚከትፉ ሁለት ልጆች ብቻ ነን። «ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ወንበር አመጣሁ፣ ቡና ተፈላ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ከኛ ጋር ቆየች። ደብተሮቹን በየልጁ ስም ደርድራ የጨረሰችው እሷ ናት። ስህተቱ የነበረው ዝም ያሉት ጋ ብቻ አልነበረም፤ «እመጣለሁ» ያሉት ጋም ነበረ፣ እኛ ግን እነሱን አልጠየቅንም። አሁን ቀን ወይም ሰዓት ሲስተካከል መልስ ለሰጡትም እንደ አዲስ ይነገራል።

የቀሩት አምስቱ ከ46ቱ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ ታመው ነበር። አንዱ ለቅሶ ደረሰበት። ሁለቱ ምክንያታቸውን አልነገሩንም፤ አልጠየቅናቸውም።

የሚቀጥለው ጥሪ ረቂቅ ተዘጋጅቷል። እትዬ ደብተር ላይ አስራ ሁለት ስም በቀይ ተሰምሮባቸዋል። ለነሱ ከፕሮግራሙ ምንም አይላክም፤ እሷና አንድ ወጣት ቤታቸው ሄደው ይጠሯቸዋል። ወጣቱ የተባለውን እዚያው ስልኩ ላይ ይመዘግባል። ለቀሩት የሚላከው ሰኞ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መጀመሪያው መስመር «አቦ፣ ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ?» ይላል።